ጉራማይሌ የማይወጣበት ጨዋታ

ክሌም ትሬምባት በአውስትራሊያዋ ብሮክን ሂል፣ በማዕድን ሠራተኞች ክበብ፣ የዓርብ ምሽቱ የሳንቲም ጨዋታ ዳኛ ነበር። ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። ጣዩ ሁለት አሮጌ ሳንቲሞችን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ አስቀምጦ ወደ ላይ ይወረውራል፤ ሳንቲሞቹ ተሽከርክረው ምንጣፉ ላይ ያርፋሉ፤ ክሌም አጎንብሶ ያይና ይጮኻል። ሁለቱም የንጉሡን ራስ ካሳዩ «ዘውድ!» ይላል። ሁለቱም ካንጋሮውን ካሳዩ «ጎፈር!» ይላል። አንዱ ይህን፣ ሌላው ያንን ካሳየ ደግሞ «ጉራማይሌ!» ብሎ ሲጮኽ፣ በክቡ ዙሪያ የቆመው ሰው ሁሉ ያጉረመርማል። በጉራማይሌ የበላም የተበላም የለም፤ እንደገና ይጣላል። በየምሽቱ ደግሞ ከሚጣለው ግማሽ ያህሉ ጉራማይሌ ነው።

ሥራው ቀላል ይምሰል እንጂ ዳኝነቱ ቀልድ አይደለም። ዳኛ ዓይኑ አንዴ ካታለለው፣ ወይም ለወዳጁ ብሎ ምላሱን ካጠፈ፣ ከዚያ ወዲያ በዚያ ከተማ ሰላምታ የሚመልስለት አያገኝም። ክሌም ከጉድጓድ ሥራ በጡረታ ከወጣ ወዲህ ያን ክብ ሲያጫውት ያላየውን ጠርቶ፣ ያየውንም ደብቆ አያውቅም። ሚስቱ ዴሊስ፣ «ይሄ ሰውዬ የሠርጋችን ዕለት እንኳ እወድሻለሁ ያለኝ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ አጣርቶ ነው» እያለች ታስቅበታለች።

ከኳንተም ሳይንስ ጋር ያገናኘውም የዴሊስ መጽሐፍ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መመለሻው ያለፈበትን የፍቅር ልብ ወለዷን አስይዛ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ላከችው። ክሌም መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ወቀሳ ሳይመጣበት ሹልክ ሊል ሲል፣ ከወዲያኛው ጥግ የሴት ድምፅ ሰማ። ኒሮሺ የምትባል፣ ከአደሌድ የመጣች ወጣት የፊዚክስ ተመራማሪ ስለ ብርሃን እያስረዳች ነበር። አድማጮቿ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱን እንቅልፍ ወስዶታል፤ አንዱ ከፀሐዩ ሸሽቶ የገባ መንገደኛ ነው።

«ሁለት የብርሃን ቅንጣቶችን አስቡ» ትላለች። «አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ መጥተው መስታወት ላይ ይገናኛሉ። መስታወቱ ከሚደርስበት ብርሃን ግማሹን የሚያሳልፍ፣ ግማሹን የሚመልስ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት ወይ ያልፋል ወይ ይመለሳል። እንግዲህ አንዳንዴ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይወጣል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ አይደል? አይወጣም። ሁልጊዜ አብረው ናቸው። ወይ ሁለቱም በግራ፣ ወይ ሁለቱም በቀኝ።»

ክሌም በሩ ላይ እንደደረሰ ቆመ።

«ቆይ ቆይ፣ ልጄ» አለ ባርኔጣውን እያወለቀ። «ጉራማይሌ የለም ነው የምትይኝ?»

«ምን የለም?»

ክሌም ከኪሱ የማይለዩትን ሁለት ሳንቲሞች አውጥቶ የቤተ መጻሕፍቱ ወለል ላይ በርከክ አለና አንድ በአንድ አሳያት። ዘውድ። ጎፈር። ጉራማይሌ። ኒሮሺ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ስታይ ቆየችና እጆቿን አጨበጨበች። የተኛው ሰው ነቃ።

«አዎ! ጉራማይሌ የለም! በየከተማው እየዞርኩ ይሄን ስናገር ማንም ገብቶት አያውቅም። አንተ ግን ከበር ላይ ሆነህ ገባህ!»

«በጭራሽ አይወጣም?»

«በጭራሽ። ቅንጣቶቹ ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ በጭራሽ።»

ክሌም «በጭራሽ» የምትለውን ይዞ ወደ ቤቱ ገሰገሰ። የቀረውን እዚያው ወለሉ ላይ ጥሎት ሄደ።

ያን ቀን እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። ዴሊስ ምን ነካህ ብትለው፣ «ዕድሜዬን ጉራማይሌ ስጠራ ኖርኩ። ጉራማይሌ የሚባል ነገር የሌለበት ቦታ አለ ለካ፣ ዴሊስ። እዚሁ፣ በመስኮታችን በሚገባው ብርሃን ውስጥ» አላት። ዴሊስ መስኮቱን አየች፤ መጋረጃው ቀይ አቧራ ለብሷል። «ከሆነስ መጀመሪያ እጠበው» አለችው።

በሚቀጥለው ዓርብ፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት፣ ክሌም ክቡ መሃል ቆሞ የሰማውን ተናገረ። ሰዉ ቢራውን እንደያዘ አፈጠጠበት።

«ክሌም፣ ይሄን ያየኸው ከስንተኛው ብርጭቆ በኋላ ነው?» አለ ያክሻ ቩሌቲች። ያክሻ በጉድጓዱ ዘመን የክሌም የሥራ ጓድ ነበር፤ በእግር ኳስ ግን ጠላቱ ነው። የሚደግፉት ሁለት ባላንጣ ቡድኖችን ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ተኳርፈው ክረምት ሲወጣ ይታረቃሉ።

«አላየሁም፤ ሰማሁ ነው ያልኩት።»

«ዳኛው ያላየውን ይጠራል ማለት ነዋ!»

ቤቱ በሣቅ ተናጋ፤ ክሌም ግን ነገሩ ከነከነው። ማታውኑ ለኒሮሺ ደወለላት። «ልጄ፣ እኔ ያላየሁትን አልጠራም። የሚታይ ነገር አምጪልኝ።»

ኒሮሺ በወሩ የዓሣ አጥማጅ የበረዶ ሣጥን የሚመስል ነገር በመኪናዋ ጭና መጣች። ውስጡ መስታወቶችና መንታ የብርሃን ቅንጣቶችን የሚያወጣ ድንጋይ አለበት። መንቶቹ በሁለት መንገድ ሄደው መሃል ላይ ይገናኛሉ። ላዩ ላይ አንድ ቁልፍና ሦስት ትናንሽ አምፖሎች አሉ። ቁልፉ ሲጫን አንድ ጥንድ ይጣላል። ሁለቱም በግራ ከወጡ አረንጓዴዋ፣ ሁለቱም በቀኝ ከወጡ ሰማያዊዋ፣ ከተለያዩ ደግሞ ቀይዋ ትበራለች። ሰው ተራ እየጠበቀ ተጫነ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ቀይዋ ልትበራ አልቻለችም። በሳንቲሙ ክብ ዙሪያ ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ያክሻ እንኳ ብርጭቆውን አስቀምጦ የሣጥኑን ጀርባ ዞሮ አየ።

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ከጨዋታው በፊት ክሌም ሳንቲሙን ይጥላል፣ ሣጥኑን ያስነሣል፣ ሁለቱንም ይጠራል። ከሩቅ የበግ እርሻዎች ሰዎች ቤተሰባቸውን ጭነው መምጣት ጀመሩ። አስተማሪዎች ክፍላቸውን ይዘው በቀን ይመጣሉ። ኒሮሺ ወር በወር ሣጥኑን ልታስተካክል ስትመጣ ክሌም ቤት ታድራለች፤ እሷም እንደ ወላጆቿ አገር ልማድ «አጎቴ ክሌም» ትለው ጀመር።

ደስ ያላላት ኮራል ብቻ ነበረች። ኮራል ሃናፎርድ የክበቡ ሊቀ መንበር ናት፤ ሣጥኑ የተቀመጠባትን ጥግ ለቢሊያርድ ጠረጴዛ ትፈልጋታለች።

«ሰው እዚህ የሚመጣው ሊጫወት ነው፣ ክሌም። አንተ ስታስተምር ጨዋታው ይዘገያል።»

«እየተጫወቱ ነዋ የሚማሩት።»

«እኔ ቢሊያርድ ነው የማየው።»

በዚህ መሃል ከካንቤራ ደብዳቤ መጣ። የሳይንስ ሚኒስቴር፣ የዓለም የኳንተም ቀንን ምክንያት በማድረግ፣ ሳይንሱን ለሕዝብ ላስተዋወቁ ሰዎች የምስጋና የምስክር ወረቀት ሊሰጥ ነው፤ አንዱም ክሌም ትሬምባት ነው፤ ሚኒስትሯ ራሳቸው መጥተው ይሰጡታል። የሳንቲሙን ጨዋታ በሌላው የአገሪቱ ክፍል በዓመት ከአንድ ሁለት ቀን በቀር ሕግ ስለሚከለክለው፣ የደብዳቤው ጸሐፊ ቁማር የሚለውን ቃል በሩቁ ዞሮ «ማኅበረሰብ አቀፍ የሳንቲም ማሳያ» ብሎታል። ያክሻ ይህን ሲሰማ፣ «እኔም ታዲያ ዕድሜዬን ሙሉ ማኅበረሰብ አቀፍ ሆኜ ነው የከሰርኩት!» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሌም ኑሮ የለውም። በዚያ አገር ሰው ከፍ ከፍ ሲል ጓደኞቹ እግሩን ይዘው ወደ መሬት ካልመለሱት ወዳጅ አይባሉም። ዳቦ ቤት ሲገባ «ክቡር ዶክተር፣ ዳቦው ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም? ወይስ ሁለቱም?» ይሉታል። ወንበሩ ላይ ትራስ አኖሩለት። አንዱ ሲያልፍ ባርኔጣውን አነሣለት፤ ክሌም ድንጋይ አነሣበት።

ኮራል ግን አልቀለደችም። ጠርታ አስቀመጠችውና ነገሩን ቁልጭ አድርጋ ነገረችው።

«ስማኝ። መንግሥት እዚህ ክበብ የገባው የዛሬ ስንት ዓመት ነው፤ አላስታውሰውም። ካኮራኸን ጥግዋ የሣጥኑ ናት፤ ቃሌ ነው። ካሳፈርከን ግን ሣጥኑ በማግስቱ አደሌድ ይገባል፤ አንተም ሳንቲምህን ብቻ ትጠራለህ።»

«ተስማማሁ» አለ ክሌም። እጁ ግን ጠረጴዛው ሥር ሳንቲሞቹን ይደባብስ ነበር።

እሱስ ወረቀቱ ያን ያህል አላጓጓውም። ዓርብ ዓርብ፣ የመጀመሪያዋ አረንጓዴ ስትበራ፣ በዚያ ሁሉ ድካም በዛለ ፊት ላይ የምትመጣዋን ነገር ነበር የሚወዳት። እሷን ካጣ በኋላ «ጉራማይሌ» እያለ መጮኹ ምን ሊጥመው?

ያክሻ ደግሞ ባለቀ ሰዓት መጣበት። «ሚኒስትሯ ፊት አንድ ጉራማይሌ ከሣጥኑ ከወጣ፣ ክረምቱን ሙሉ የኔን ቡድን ሻርፕ አስረህ ትዞራለህ።»

«ካልወጣስ?»

«የአንተን ጨርቅ እኔ አስራለሁ።»

«እጅህን አምጣ» አለ ክሌም። ኒሮሺ ከጎኑ ሆና «አጎቴ፣ ቆይ እስቲ፣ እኔ ያልኩህኮ...» ስትል፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ጨርሰዋል።

ቀጠሮው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ሲባል ግን በማን? ብሮክን ሂል ግብሩን ለሲድኒ ይከፍላል፤ ሰዓቱን ግን የሚሞላው በአደሌድ ነው፤ ከሲድኒና ከካንቤራ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን የከተማው ሰው ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ስለሆነ ለእንግዳ መንገር ትዝ የሚለው የለም። ስለዚህ የሚኒስትሯ መኪና ክበቡ በር ላይ በካንቤራ አራት ሰዓት ከች ሲል፣ ክሌም ቤቱ መስታወት ፊት ከክራባቱ ጋር ይታገላል፤ ኒሮሺም ሣጥኑን በማለዳ አስተካክላ ጨርሳ ክራባቱን ልታስርለት እዚያው ናት። አዳራሹ ውስጥ ያለችው ዴሊስ ብቻ ነች፤ የሥጋ ፓስቲዎቿን በየሳህኑ ትደረድራለች።

የሚኒስትሯ ረዳት የስልክ መስመር ፍለጋ ግቢውን ሲዞር ሚኒስትሯ ብቻቸውን ገቡ። ዴሊስ ቀና ብላ አየችና፣ ሊያግዙ ቃል ከገቡት ሴቶች አንዷ መሰለቻት።

«ተመስገን፣ አንዷ እንኳ መጣሽ! ሽርጡ ምስማሩ ላይ አለ። ሳንድዊቹን ቁረጪልኝ፤ ጠርዙን አትተይ፣ ሚኒስትር ነው የሚመጣው።»

ሚኒስትሯ ትንሽ አሰቡና ሽርጡን አጠለቁ። ሲቆርጡ ቆዩ። ቆርቆሮው ጣሪያ መጋል ጀምሯል፤ ላብ በግንባራቸው ኮለል አለ።

«ውይ፣ አንቺ ሴት፣ ልትቀልጪ ነው!» አለች ዴሊስ። ሄዳ፣ ዓርብ ዓርብ ማንም የማይነካውን፣ ትልቁን የአየር ማቀዝቀዣ ከፈተችው። ማቀዝቀዣው አስሎ፣ አቧራውን ተፍቶ፣ ቀዝቃዛ አየሩን ቁልቁል ይለቀው ጀመር። አፉ ያለው ከሣጥኑ ጥግ በላይ ነው።

በከተማው አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ረዳቱ መጥቶ «ክብርት ሚኒስትር!» ሲል ሽርጥ ያጠለቁት ሴት ቢላዋቸውን ይዘው ዞሩ። ዴሊስ ሳህኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«እኔ እኮ ጠርዝ አስቆረጥኩዎት!»

«ጥሩ አድርጌ ቆርጫለሁ ወይ?» አሉ ሚኒስትሯ።

«እውነቱን ልናገር? አንዳንዱ ወፍሯል።»

ሣቁ ቤቱን ካሞቀው በኋላ ሥርዓቱ ተጀመረ። ረዳቱ፣ ሚኒስትሯ ሳንቲሞቹን ይዘው ፎቶ እንዳይነሡ ለፎቶ አንሺው በጆሮው ነገረው፤ ለሁሉም ተሰማ። ኮራል ንግግር አደረገች። ከዚያ ክሌም በአዲሱ ሸሚዙ ክቡ መሃል ገባ። «ጣይ፣ ግባ!» ብሎ ያክሻን አስጣለው። ዘውድ ወጣ። ጉራማይሌ ወጣ። እንደገና ጉራማይሌ።

«እንግዲህ ይሄ የእኛ ዓለም ነው» አለ ክሌም። «መጠበቅ ነው፣ ማጉረምረም ነው። አሁን ደግሞ ጉራማይሌ የሌለበትን ጨዋታ ልጥራላችሁ።»

ሣጥኑ ላይ አጎነበሰ። አምፖሎቹ ትናንሽ ናቸው፤ ከክቡ ዳር ሆኖ በደንብ የሚያያቸው የለም፤ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ክሌም አፍ ላይ ነው። ቁልፉን ተጫነ።

«አረንጓዴ፣ ዘውድ!» ተጫነ። «ሰማያዊ፣ ጎፈር!» ሦስተኛውን ተጫነ።

ቀይዋ በራች።

ክሌም አላመነም። ጎንበስ አለና አየ። ቀይ ናት። ከጎኑ የቆመችው ኮራልም አየች። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «አልተጣለም በል» አለችው። ዳኛ ሳንቲሙ ሳይሽከረከር ከወደቀ «አልተጣለም» ብሎ የመሰረዝ ሥልጣን አለው፤ ማንም አይጠይቀውም። «ማንም አላየም። በለው፣ ክሌም። ጥግዋን አስብ።»

ክሌም ጥግዋን አሰበ። የቢሊያርዱ ጠረጴዛ በዓይኑ ዞረ፤ ሣጥኑ መኪና ላይ ሲጫን ታየው። «አልተጣለም» የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ነገር ግን ጥንዱ ተጥሏል። በዓይኑ አይቶታል። አዳራሹ አፉን ይጠብቃል፤ ያ ሁሉ ሰው ዘመኑን ሙሉ አምኖ የጠበቀው ያንኑ አፍ ነው።

ቀና አለ። በዓርብ ድምፁ፣ ጣሪያው እስኪሰማ ጮኸ፤

«ጉራማይሌ!»

ያክሻ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ እንደ ጎል አግቢ አዳራሹን ዞረ። «ሻርፕ! ሻርፕ አምጡልኝ!» ኮራል ዓይኗን ጨፈነች። ክሌም ግን አላቆመም። ተጫነ፤ «ጉራማይሌ!» ተጫነ፤ «ዘውድ!» ተጫነ፤ «ጉራማይሌ!» ፊቱ ከአምፖሏ ይልቅ ቀልቷል፤ ያየውን ሁሉ ይጠራል።

«አቶ ትሬምባት» አሉ ሚኒስትሯ በቀስታ፣ «እዚህ ያመጣኝ ጉራማይሌ የለም ማለትዎ አልነበረም?»

«ብዬ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ወጣ። ለምን እንደወጣ አላውቅም፤ እሷን ጠይቁልኝ።»

ኒሮሺ ቀድማ ደርሳለች። መዳፏን በሣጥኑ አንድ ጎን፣ ቀጥሎ በሌላው ጎን አሳረፈች። ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

«ይሄን ማቀዝቀዣ ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ!» አለች ዴሊስ። «ምን ላድርግ፣ ሚኒስትሯ ቀልጠው ሊያልቁብኝ ነበር!»

ኒሮሺ ሣቋን እየዋጠች አስረዳች። ቅዝቃዜው የሣጥኑን አንድ ጎን ብቻ ነክቶታል፤ አንደኛው መንገድ ከፀጉር ባነሰ አጥሯል። አንዱ ቅንጣት ከወንድሙ ቀድሞ መስታወቱ ላይ ይደርሳል። ቀደም ካለ ደግሞ ከሌላው ይለያል፤ ከተለየ መንታነቱ ቀረ፤ መንታነቱ ከቀረ እንደ ሳንቲም ይሆናል፤ ጉራማይሌ ይወጣል። «ያኔ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነግሬህ ነበር፣ አጎቴ። ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆኑ ነው ያልኩህ።»

ሰዉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ እንዳልገባው ያስታውቃል። ሚኒስትሯም በትሕትና ፈገግ አሉ፤ እሳቸውም አልገባቸውም። ክሌም የሣጥኑን ቀዝቃዛ ጎን ዳበሰ። ሚኒስትሯን አየ፤ ሽርጣቸውን እስካሁን አላወለቁም። የግድግዳውን ሰዓት አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ተፈታ።

«እኔ ገባኝ» አለ። «ሚኒስትሯ ዛሬ ስንት ሰዓት ደረሱ?»

«አራት ሰዓት» አሉ ሚኒስትሯ።

«እኛስ ስንት ሰዓት ደረስን?»

«አራት ሰዓት!» አለ አዳራሹ።

«ተገናኘን?»

ከኋላ አንዲት ሴት ትን እስኪላት ሣቀች፤ ሣቁ ወደ ፊት እየተንከባለለ መጣ።

«ይኸው ነው!» አለ ክሌም። «አንዱ ቅንጣት በሲድኒ ሰዓት መጥቷል፤ አንዱ በእኛ። አብረው ቢደርሱ አብረው ይወጡ ነበር። ሚኒስትሯ ቀድመው ደረሱና ሳንድዊች ቆራጭ ሆነው ቀሩ!»

ከሁሉ አብልጠው የሣቁት ሚኒስትሯ ናቸው። ኒሮሺ ጊዜ አላጠፋችም። በሣጥኑ ጎን ያለችውን ብሎን በጥቂቱ ታዞር፣ ክሌምም ቁልፉን ይጫን ጀመር። ቀይዋ መጀመሪያ ሳሳች፤ ቀጥሎ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ አለች፤ ቀጥሎ ጠፋች። «ዘውድ! ጎፈር! ጎፈር! ዘውድ!»

«አሁን ሁለቱም በእኛ ሰዓት ናቸው!» ብሎ ጮኸ አንዱ።

«ወደ ሲድኒ መልሺው እስቲ!» አለ ሌላው።

ኒሮሺ ብሎኑን መለሰችው፤ ቀይዋ በራች። «ጉራማይሌ!» አለ አዳራሹ፣ ክሌምን ሳይጠብቅ።

«ወደ እኛ!»

ጠፋች።

«ወደ ሲድኒ!»

በራች። አዛውንቶች እየተጋፉ ብሎኗን አንዴ እንዲያዞሩ ተሰለፉ። ያክሻ ከሁሉም ቀድሞ ቆሟል። ክሌም ዳር ወጥቶ አያቸው። ዓርብ ዓርብ የሚያሳያቸውን ተአምር እስከ ዛሬ አድንቀው ነበር እንጂ አልያዙትም ነበር፤ እሱም ጭምር። ዛሬ ግን የራሱን አምፖል በራሱ እጅ እያጠፋና እያበራ ሁሉም ጨብጦታል።

የምስክር ወረቀቱ ሊሰጥ ሲል ሚኒስትሯ፣ «መጀመሪያ አንድ ልጣል» አሉ። ረዳቱ «ክብርት ሚኒስትር፣ ፎቶው...» ሲል አልሰሙትም። እንጨቱን ተቀብለው ሳንቲሞቹን ወደ ጣሪያው ላኩ። ክሌም አጎነበሰ፤ ካሜራው ብልጭ አለ።

«ጉራማይሌ!»

«በፍጹም!» አሉ ሚኒስትሯ።

«ከፈለጉ ጎንበስ ብለው ይዩ።»

ጎንበስ ብለው አዩ። ጉራማይሌ ነው። ወረቀቱን ሰጡትና እጁን ጨበጡት፤ ዴሊስ አንድ ሳህን ፓስቲ ጠቅልላ አስያዘቻቸው፤ በየትኛውም ሰዓት ቢሆን ግን በትኩሱ እንዲበሉት አስጠነቀቀቻቸው።

ኮራል እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጥግዋ ጋ ቆማ ሣጥኑን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አልተጣለም ብትል ኖሮ ማንም አያውቅብህም ነበር» አለች።

«አንቺ ታውቂብኝ ነበር።»

ኮራል ለቢሊያርዱ ያስለካችውን የኖራ መስመር በጫማዋ አሽታ ከወለሉ ላይ አጠፋችው።

አሁን ከብሎኗ በላይ ሁለት ትናንሽ ጽሑፎች ተለጥፈዋል፤ በአንድ በኩል «ሲድኒ»፣ በሌላው «እኛ»። ዓርብ ዓርብ የሚያዞራት ያክሻ ነው፤ ለሌላ ሰው አያስነካም። የምስክር ወረቀቱን ዴሊስ በመስታወት አስገብታ መጸዳጃ ቤት ሰቀለችው፣ ተቀማጩ ፊት ለፊት። የዚያ አገር ሰው ሽልማቱን ሳሎን ከሰቀለ ስም ይወጣለታል፤ መጸዳጃ ቤት ከሰቀለው ግን የሚጠቀም ሁሉ ሳይቸኩል ያነበዋል።

ክረምቱ ሲገባ ክሌም በየእሑዱ የያክሻን ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ሜዳ ተገኘ። ልብሱ የራሱ ቡድን፣ ሻርፑ የባላንጣው። የራሱ ደጋፊዎች ገና ከበሩ ሲያዩት ሆ ብለው ተነሡበት።

«ክሌም፣ ምንድን ነህ? የማን ነህ?»

ክሌም ቆመ። ጎንበስ ብሎ አንገቱ ላይ ያለውን አየ፤ ደረቱን አየ፤ አጣራ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሜዳው ሙሉ እስኪሰማው፣ ያየውን ጠራ።